ሦስት ቋጠሮ

አገኘሁት አንገቴ ላይ፣ የሽምብራ ፍሬ ያህል፣
ጧት ላይ ሻሼን ስፈታ፣ ወጥቼ ከፈትል ክፍል።

«ንፍፊት ነው» አለች ጦይባ፣ በሁለት ጣቶቿ ዳብሳ፣
ጨው በጨርቅ ቋጠረችልኝ፣ ከሰል ላይ አሙቃ በጣሳ።
«አትጭመቂው ብቻ እቱ፣ ከነኩት ይናደዳል፤
እብጠትና ክፉ እንግዳ፣ ዝም ሲሉት ይሄዳል።»

ጤና አዳም በቅቤ ለውሳ፣ ላዩን ቀብታ አሰረች፤
ከሻሼ ጫፍ አንድ ክር፣ ስባ ባንገቴ አዞረች፤
የገጠመበትን ቦታ፣ በጥርሷ ይዛ ቋጠረች።

በየጁምዓው ትለካለች።
ቦርከና ሞልቶ ጎደለ፤
የኔው ጉብታ አልጎደለም፣
ሽምብራው ባቄላ አከለ።

በሦስተኛው ጁምዓ ቋጠሮው፣ ከሁለቱ ርቆ ወጣ፤
ጦይባ ዝም አለች፤ ጨዉ ብቻ፣ ጣሳው ውስጥ ተንጣጣ።

«ይሄስ የኔ አይደል» አለች፣ የመኪና ሒሳብ ሰጥታኝ፤
ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ፣ በመስኮት ገብቶ ዳበሰኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ፣
ደሴ ሐኪሙ አንገቴን ሲነካው።
ቀን አልያዝሁም። ከጉያዬ
ክሩን አውጥቼ ሰጠሁት።

ሦስት ቋጠሮ።
በማስመሪያ ለካና፣ ምንም ሳይስቅ፣
ከካርዴ ጋር በስፒል አያያዘው።