የእብሬ ሸሚዝ

ሰኞ ገበያ ላይ ቦንዳው ሲዘረገፍ፣
በሐምሌ ጨፈቃ፣ ጦሳ ጉም ሲታቀፍ፣
ከካፖርቱ ክምር፣ ከሹራቡ መሃል
አንድ ሸሚዝ ወጣ፣ ዓይን ይወጋል።
ዘንባባ ከደረት፣ አበባ ከጀርባ፤
«መጋረጃ ነው ይሄ፣ ማን ለብሶት ሊገባ!»

እብሬ ግን ገዛው፤
እብሬ፣ የቅሬያችን ለፋፊ፣
ሃያ ዓመት በንጋት የሟች ስም አሳላፊ።

ሁለት ቁልፍ ጎድሎት ይዞልኝ መጣ፤
ኪሱን ብገለብጠው አሸዋ ወጣ፤
ነጭ፣ እንደ ጨው የላመ።
የእኛ የቦርከና ጥቁር ነው፣ ሻካራ፤
ይሄ ከየት መጣ፣ ከየትኛው ስፍራ?

መምህር ስንሻው ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ
መነጽሩን ጠርጎ፣ ሸሚዙን ገልጦ አይቶ፣
«የሃዋይ ነው» አለን፤ «ውቅያኖስ የከበበው፣
ተራራው እሳት የሚተፋው።
ሰው ሲመጣባቸው አበባ በክር ሰክተው
ባንገቱ ያጠልቁለታል፣ ዘመድ ነህ ብለው።
ቃልም አለቻቸው፣ አንዲት፦ ሲገናኙም እሷ፣
ሲለያዩም እሷ፣ ሲዋደዱም እሷ።»
«ማን ትባል?»
«አሎሃ።»
እብሬ በአፉ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች አገላበጣት፣
«ከአላህ ትቀርባለች» ብሎ መረቃት።

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ሌሊት
አለቃ ደምሌ ዐረፉ።
የእብሬ ጋቢ ከትናንት ዝናብ አልደረቀም፤
በሸሚዙ ወጣ።
ጉሙ መዳፍ አያሳይ፣ ከሙጋድ እስከ ቧንቧ ውሃ፦
«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»
በሩን ከፍቶ ያየ ሰው ያየው ዘንባባ ነው፣
ርሶ፣ ደረት ላይ ተለጥፎ።

ድንኳኑ ውስጥ የቅሬው ዳኛ ሼህ አሊጋዝ ተቆጡ፦
«አበባ ለብሶ ለቅሶ! ሃምሳ ብር ይቀጣ!»
«ተዉት» አሉ እማማ አሰገደች ከፍራሹ፤
«ደምሌ ባሕር ሳያይ ነው የሄደ።»
ሌላ አልጨመሩም።

እብሬ ሞት መንገር እንጂ ማጽናናት አልለመደም፤
ቆሞ፣ ቆሞ፣ እጃቸውን ያዘና
«አብሽሩ» አላቸው።

አብሽር።
ሱቁ ለተቃጠለ፣ ልጁ ጅዳ ለቀረ፣
ፈተና ለወደቀ፣ ላሟ ለጨነገፈች፣
ለሙሽራዋ እናት በሠርጉ ማግስት፣
ዕድሜ ልኬን ብያታለሁ፤ ያን ቀን ሰማኋት።
መምህር ስንሻው ከድንኳኑ ማዶ አየኝ፤
እኔም አየሁት።

ሃምሳውን ግን ከፈለ። ቅሬ ቅሬ ነው።
አሸዋውም አለ፣ ከቁልፎቼ ጣሳ፣
ቁልፍ በፈለግኩ ቁጥር ከጣቴ የሚነሳ።