አርባ አንድ እርምጃ

ከትልቁ ሜዳ ጥግ፣ ጄቶቹ ከማያዩት፣
አንበጣ ስታሳድድ አርጅታ የጣሏት፣
ጅራቷን መሬት አሳርፋ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት ቆማ፣ ዐሥራ ዘጠኝ በጋ፣
አንዲት ሚጢጢ አውሮፕላን ነበረች።
«ውሰዳት፣ አንለይ» አሉኝ፣ «የጡረታህ ምራቂ ናት።»
ፈረምኩ። ክንፏን ፈትቼ በሁለት ጋሪ ጫንኳት።
ሽምብጥ ስንደርስ፣ ፈረሱ ዞር ብሎ አያት።

እኔና ልጄ ትርንጎ ከላይ እስከ ታች ገፈፍናት፤
ሸራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ለቀቃት።
በግራው ክንፍ ጎድን መሐል አይጥ ወልዳ አሳድጋለች፣
ከወንበሩ ሥር አንዲት ቅዳጅ ወረቀት ተጣብቃለች፦
«ደልጊ። ሦስት ምልልስ። ነፋስ ከጎን።» በእርሳስ።
ማን እንደጻፋት አላውቅም። ኪሴ ከተትኳት።

ከዚያ ሚዛን ተዋስኩ፣ ከበርበሬ ነጋዴ፤
ሳምንቱን ሙሉ ብሎን ስንመዝን አስነጠሰን።
የኋላው ወንበር ወጣ፤ ዘጠኝ ኪሎ ወረደ፤
ምንጣፉ፣ የበሩ ገበር፤ ሌላ አራት ኪሎ ሄደ።
ባትሪውን አወጣን፤ ሞተሩ በእጅ ይመታ!
ጥቃቅን ጎማዎቿ ቀሩ፤ በእነሱ ፋንታ
እንደ ጉማሬ ግልገል ሆድ ድቡልቡል፣ ልል ጎማ፣
ለጭቃም፣ ለደንጊያም፣ ለረግረግ የሚስማማ።
ከክንፏ ግንባር ፊት ቀጭን ላሜራ ገጠምን፣
ዝግ ስትል ነፋሱ እንዳይከዳት ብለን።

ማታ ማታ እንድሪስ ደንገሉን ተሸክሞ ይመጣል፣
ታንኳ የሚያስር እጁን ጎኗ ላይ ያሳርፋል።
«የኔዋ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ፣ ጸሐይ ላይ አሰጣታለሁ።
ያንተዋ ምን ጠጥታ ነው?»
«ቀለም» አልኩት። «አምስት ድርብ፣ ብረቷ ላይ።»
«ፋቃት እንግዲህ» አለና፣ ሸክሙን አውርዶ ተቀምጦ፣
ከቢላዎቼ ደነዙን መርጦ፣
እስኪመሽ አብሮን ፋቀ።

የሻረግ መጣች ደግሞ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ
ሠላሳ ዓመት የቆመች፣ ጆሮዋን ማሽኑ የሰለቀጠው፣
ጣቶቿ ግን ያልደነቆሩ።
አዲሱን ሸራ ከጎድኑ በሰም ክር ሰፋችው፣
ሁለት ጣት እየለካች፣ እየቋጠረች አሰረችው።
«ለማን ነው ቀሚሱ?» ትላለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል።
«ሰሙ ክሩ ላይ ነው፣ የሹ፤ ወርቁን ነፋስ ይፈታዋል»
አልኩ፣ ቅኔ የዘረፍኩ መስሎኝ።
አልሰማችኝም። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

ኅዳር ሲጠባ ቆመች፤ ነጭ፣ ስም የለባት።
ወረቀት አውጥቼ ነዳጁን ደመርኩ፣ ዘይቱን፣ አብራሪውን።
እኔም በጊዜዬ መሪ ይዣለሁ።
እኔ ሰማንያ ስድስት። ትርንጎ ኀምሳ አንድ፣ ከነጫማዋ።
እንደገና ደመርኩ።
ስንት ሌሊት ግራም ስለቅም፣ ስጥል፣ ስቀንስ፣ ስመዝን፣
ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ የቀረ አንድ ዕቃ ነበረን፤
እሱም እኔ ነኝ።

ጓንቴን ሰጠኋት። «እጅሽን እንዳይበርድሽ።»
ሌላ አላልኩም። እሷም አልጠየቀችም።

ንጋት ላይ፣ ከወራሚት በታች፣ ሐይቁ በሸሸበት ሣር፣
ዓሣ አስጋሪ ሳይወጣ፣ እምቦጩ ተኝቶ ዳር ዳር፣
ፕሮፔለሩን መታሁት። አንዴ ሳለ። ሁለቴ ሳለ።
በሦስተኛው ተቀበለ።
ኮፍያዬን ንፋሱ ወሰደው። ፍሬኑን ስትለቅ አየሁ፣
ከዚያ ጅራቷን አነሣች፣ ከዚያ... እኔ ቆሜ ቀረሁ።

በደብረ ማርያም ላይ አለፈች፤ ክብራን ጋ ዞረች፤
ወደ ዘጌ ጥቁር ደን ስትገባ
ዐይኔ ተዋት። ጆሮዬ ግን አልለቀቃትም፦
ሦስተኛው ሲሊንደር ትንሽ ይነጫነጫል፤
ስትመለስ ካንዴላውን አያለሁ።

እስከዚያ እጄን አጣጥፌ ከምቆም፣ ጎማዎቿ ጤዛው ላይ የተዉትን
ሁለት ጥቁር አረንጓዴ መስመር ተከትዬ፣ እርምጃዬን ቆጠርኩ።
መመሪያ መጽሐፏ ሁለት መቶ ይላል።
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣
አርባ አንድ።

ከዚያ ወዲያ ጤዛው አልተነካም።