በአውቶቡስ የተለወጠው

ማክሰኞ ከሰዓት ዜናው ሲነገር
ሎይድ ስቴንሩድ ከመኪናው ሥር ነበር፤
ጀርባው ሲሚንቶ ላይ፣ ሬዲዮው ከራስጌው፣
ዘይት ሊያፈስ ከሞተሩ ሆድ፤
ስሙን ሲጠሩት ግን እጁ ላይ ደረቀ መፍቻው፣
ዘይቱ ደረቱ ላይ ወረደ፣ እንደ ጥቁር ገመድ።

«ሃኩላን ለወጡት!»
«በማን?» አለች ሚስቱ በመስኮት አጮልቃ።
«በማን አትበይኝ፤ በአውቶቡስ ነው በቃ፤
ሃምሳ ሁለት ወንበር፣ ያገለገለ ዕቃ።»

የዱሉዝ ቡድን ድሃ ነው፤ ሊጉም የድሆች ሊግ።
አሮጌው አውቶቡስ ሦስቴ ቆሟል ዘንድሮ፤
አንዴማ ልጆቹ ዳገቱን በሌሊት ገፍተውት
ሜዳ ደረሱ፣ ክንዳቸው ዝሎ፣ ጉልበታቸው ታስሮ።
እናውቃለን። ሂሳቡ ለማንም አይጠፋም።
ሂሳብ ግን ዘጠነኛው ዙር ላይ ኳስ አይወረውርም።

ጉም ከሐይቁ ወጥቶ መብራቱን ሲጋርድ፣
የወጣቱ ወርዋሪ ትከሻ ሲርድ፣
የግራው አጥር በር ሲጥ ይላል። እሱ ነው።
አይሮጥም። ስኳር ሊበደር እንደሚመጣ ጎረቤት
በሣሩ ላይ ያዘግማል፣ ጓንቱን በብብቱ ሸጉጦ፤
ግራኝ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፤
በበረዶው ወራት የትምህርት ቤት ማሞቂያ ይጠግናል፤
ኳሷን እንደ ትኩስ ድንች በጣቶቹ አገላብጦ
ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ጫማው ያያል።

ሁልጊዜ አዳነን ልበል? ውሸት ነው።
ስንቱን ያለቀ ጨዋታ በእጁ አበላሽቶ
ተራግመን ገብተናል ቤታችን።
ጥፋቱም ግን የኛው ነበር፤
እንደሚያፈስ ጣሪያ፣
ባልዲው የት እንደሚቀመጥ ያወቅንለት።

ጎርዲ ፔልቶ፣ ከጀርባዬ የሚቀመጠው፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሰድበው የከረመው፣
«አንተ ሽማግሌ! ክንድህን ጡረታ አውጣው!» ባዩ፣
ረቡዕ መጥቶ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።
«ስድቤን ለማን ልስጠው?» አለኝ፣ ዓይኑን እያሸ፤
«ይሄ አዲሱ ልጅ ገና ነው፣ ያለቅስብኛል።»
ቢራውን እንደያዘ አመሸ።

ቬርና ደግሞ አለች፣ እርሳሷን በጥርሷ የምትነክስ፣
እያንዳንዷን ውርወራ በደብተር የምትመዘግብ፤
ባሏን በቀበረች ማግስት እንኳ ከወንበሯ ያልታጣች።
ዘጠነኛው ዙር ሲደርስ፣ ስሙ በሚገባበት ጠባብ ሳጥን
ጎማ ሳለች። አራት ጎማ። መስኮትም ጨመረች።
ከዚያ ላጲስ ለመነችኝ፤ ሳትነካው መለሰች።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባል የለ፤
ክንድ ላበደረ፣ ጎማ።

ዓርብ አውቶቡሱ ደረሰ።
ልንጠላው ሄድን፣ እንደ ቀብር ሰው ተሰብስበን።
ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ የተፋቀ አረንጓዴ መስመር።
ሎይድ ከሥሩ ገባ። አሥር ደቂቃ ቆየ።
ወጣና እጁን ጠረገ፤ እንደ መርዶ ነጋሪ
ድምፁን ዝቅ አድርጎ
«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ።
ያጽናናው ሰው አልነበረም።
የጎርዲ የልጅ ልጅ ብሪታ ብቻ፣ ሰባት ዓመቷ፣
ወንበር ለወንበር እየዞረች
«እሱ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለችን።

በነሐሴ መጨረሻ መጣ፣ ከአዲሱ ቡድኑ ጋር፤
አውቶቡስ የላቸውማ! በሦስት ቫን ተጠቅጥቀው፣
ጉልበት ከአገጭ ገጥሞ።
በአንድ ነጥብ እየመሩን፣ ዘጠነኛው ዙር ላይ
ሲጥ አለ፣ በቀኝ በኩል፣ የእንግዶቹ በር፤
ቀይ ለብሶ አዘገመ።
ተነሣን። ማንም ከማንም አልተማከረ።
«ሽማግሌ!» አለ ጎርዲ፤ ቃሉ መሐል ላይ ተሰበረ፤
ምርቃት ይመስል ነበረ።
ለኛው ልጅ ሦስት ወረወረለት፤ ዱላው ሦስቴ አየር መታ።
ተሸነፍን። ቬርና ስሙን ጻፈች፣
በጠላት ገጽ፣ በዚያው እርሳስ፣ ቀስ ብላ።

ማታ፣ መኪና ማቆሚያው ባዶ ሲሆን፣
አውቶቡሱ ጋ ቆመ፤ መዳፉን ጎኑ ላይ አሳረፈ፣
ፈረስ እንደሚገዛ ሰው።
«በብርድ ይነሣል?»
«በመጀመሪያው ቁልፍ» አለ ሎይድ፣ መሬት መሬቱን እያየ።
«ጥሩ ነው። እኔማ ካልገፋችሁኝ እምቢ ነበርኩ።»
ቫኑ ጥሩምባ ነፋ።
ተጣጥፎ ገባ፤ ሌላው አካሉ ሁሉ በቃው፣
ግራ ክንዱ ግን ቦታ አጥቶ በመስኮት ወጣ፤
ድልድዩ ጋ ጉሙ እስኪውጠው
እሱን እያየን ቆምን።