የፉርጎ እርሳስ

ሰው ፍሪጅ ሲገዛ ቀድዶ የሚጥለው፣
ታይዋን በር ላይ ነፋስ የሚነዳው፣
ፍየል እንኳ አሽትታ ንቃ የምታልፈው፣
ያ ነጭ ፎም ነው፣ ኋላ ክንፍ ያልነው።

ረምላ ሽቦውን ከምድጃ ፈታች፣
ከባጃጅ ባትሪ ጋር ጫፍ ለጫፍ አገናኘች፤
«እጅህ ከፈጠነ ጠርዙ ይሸረፋል፣
ከዘገየም ደግሞ ቀልጦ ይጎደጉዳል።»
እንደ ቅቤ ለቀቀ፣ ሽታው ግን ከረረ፤
እናቷ ከጓዳ «ምንድን ነው ያረረ?»
እያሉ ሲወጡ፣
ጠረጴዛው ላይ አንድ ክንፍ ነበረ።

ከዚያ በፊት ወረቀት ነበር።
ወረቀት ላይ ሁሉም ይበርራል።
በደብተር ጀርባ ሦስት ሌሊት ደመርን፣ ቀነስን፣
በግንቦት ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሞ፤
አንዲት የላብ ጠብታ ነጥቧን ጠጣቻት፣
አንድ ነጥብ ሁለት ሜትር የነበረው ክንፋችን
አሥራ ሁለት ሜትር ሆኖ አደረ።
ረምላ አይታ «በል እንግዲህ» አለች፣ «ተሳፋሪ ጥራ።»

የዣንጥላ ዘንግ አከርካሪ ሆነ፣
የብስክሌት ራጂ የጅራቱ ጅማት፤
የወንድሟ የባንክ ካርድ
(ሒሳቡ ባዶ ስለሆነ አልተቀየመም)
ተቆርጦ ማጠፊያ ሆነ።
የመጀመሪያውን ሆድ ማስቲሽ በላብን፣
እንደ ምስጥ፣ ዝም ብሎ፣ ከውስጥ፤
ሁለተኛውን ፀሐይ አጎበጠችው፤
ሦስተኛውን ከድሬ ቀትር
አልጋ ሥር ደበቅነው።

ጋሽ ወርዶፋ ጎረቤት ናቸው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሚንደፈር ቶርኖ ላይ የቆሙ።
በሁለት ጣት ከክንፉ ሥር አነሡት።
ጅራቱ ወረደ።
«አፍንጫው ባዶ ነው» አሉ፣ እንደ ሐኪም።
ሚስማር ሰካን፣ የጅቡቲ ፍራንክ ለጠፍን፤
አልበቃም።
ገብተው ወጡ።
በትንባሆ ቆርቆሮ፣ ከጥጥ መሐል፣
የፉርጎ በር የሚታሸግበት እርሳስ፤
ግራጫ፣ የሽቦ ቀዳዳው የተደፈነ።
«ይሄ ዕድሜውን ሙሉ በር ሲዘጋ ኖሯል» አሉ።
ሌላ አላሉም።
ሦስት ፍሬ አፍንጫው ውስጥ ቀበርን።
በጣቶቻቸው ላይ ተኛ፣
ወዲህም ሳይል ወዲያም ሳይል።

ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ደቻቱ ወረድን።
ውኃ ሲመጣበት ሰው የሚያስሮጥ ወንዝ
ያን ቀን ደረቅ አሸዋውን አንጥፎ
እኔን አስሮጠኝ፣ እጄን ሽቅብ ዘርግቼ፣
እስክለቀው።

አንዴ ሰገደ። አንዴ ቀና አለ።
ከዚያ ረምላ አውራ ጣቷን ገፋ አደረገች፣
ተነሣ፤
ከፍየሎቹ በላይ፣ ገበያ ከሚሻገሩት ቅርጫቶች በላይ፣
ከከዚራ ዛፎች በላይ፤
ጥላው ከባጃጅ ጣሪያ ባጃጅ ጣሪያ ሲዘል
አንድ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ሰማዩን ተሳደበ።
ጋሽ ወርዶፋ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ከዚያ ሪሞቱ ዝም።
ረምላ «አይሰማኝም» አለች፣
ስለ ሰው እንደሚባል።
እሱም ሞተሩን አጥፍቶ፣ በቀጥታ፣
መንገዱን እንደሚያውቅ፣
ከባቡሩ ወርክሾፕ ግንብ ኋላ ወረደ።

ዘበኛው ልጅ እግር ነው። «መታወቂያ?»
ላስቲክ የለበሰች፣ ዘመኗ ያለፈ ካርድ አወጡ፤
ልጁ ገልብጦ አያት፣
ፎቶውን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣
በሩን ከፈተ።

ጠበቅን። ፀሐይ ግንቡን ወጣች።
ረምላ በበሩ ሽንቁር አጮለቀች፦
አውሮፕላኑ ሐዲዱ ላይ፣ ነጭ፣ አንድ ክንፉ ተገንጥሎ፤
እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት
ከቆመ ፉርጎ የብረት እግር ላይ
መዳፋቸውን አሳርፈው።

ሲወጡ ክንፉን እንደ ጋዜጣ ብብታቸው ሥር ይዘው፣
«የተሰበረው ክንፉ ነው» አሉ። «እርሳሱ አለ።»

ያን ዕለት ማታ ታይዋን በር ላይ
አንድ ሰው ፍሪጅ ሲያወርድ
ሦስታችንም ቆመን ጠበቅነው።