ወለል

ሥራዬ ምንጣፍ ነው፦ አሮጌውን መግፈፍ፣
ጥግ ለክቶ በሜትር እንደገና ማንጠፍ።
ከሆቴል ኮሪደር፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት፣
የስንቱን እግር ጉድፍ ጠቅልዬ አወጣሁት።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ዊኒፔግ ሳይሞቃት፣
አንዲት መስጊድ ጠራችኝ፤ ከሐዲዱ ማዶ ናት።
ሚናራ የላትም። ያላት አንድ ጉልላት፣
እሱም የጀልባ ሆድ፣ የተገለበጠ፣
ወደብ ጠፍቶት ጣራ ላይ የተቀመጠ።
መስኮቶቿ ከከሠረ ባንክ የተገዙ ናቸው፤
ካዝና የሚጠብቁ ይመስል፣ ብረት አላቸው።

«ማን ሠራት?» አልኩና፤ ቁልፍ ያዧ እመት ሰልማ፣
ዘጠና ዓመታቸው፣ አወለቁ ጫማ፣
ደረጃው ላይ አረፍ፦

«አባቴ ሐሲብ ነው። ከበቃዕ ሸለቆ
መጥቶ፣ በዚህ ሜዳ መርፌና ክር ታጥቆ
በእግሩ የዞረ፣ ውሻ ያባረረው፣
ዒድን በሰው በረት ብቻውን የሰገደው።
እናቴ ናጅላ እንቁላል ትሸጥ ነበር፤
የየደርዘኑን አንዷን ለመስጊድ ታስቀምጥ ነበር።
አምስት ክረምት ፈጀ። ጣውላው ተገዛና፣
መስጊድ ያየ አናጢ ከየት ይገኝና?
ኢንግቫር የሚባል ሰው፣ አይስላንዳዊ፣ ከሐይቅ ዳር፣
ጀልባ ሠሪ፣ ቃሉን ቆጣቢ እንደ ምስማር፣
‹ጉልላት አላውቅም፤ የማውቀው ጀልባ ነው፤
ገልብጬ ብሰቅለው ልዩነቱ ምንድነው?›
አባቴም ሳቀና ‹የኑሕም ጣውላ ነው› አለው።»

ቀና ስል አየሁት። አሥራ አራት ጎድኖች፣
በእንፋሎት የጎበጡ የጥድ ጣውላዎች፣
ጎርፍ ቢመጣ ተነሥተው የሚንሳፈፉ የሚመስሉ።

ወደ ሥራዬ ገባሁ።
ቀዩ ምንጣፍ ሰያፍ ነው፤ ግድግዳውን ትቷል፤
ቤቱ መንገድ ያያል፣ ሰልፉ ጥግ ጥጉን ያያል፤
ሰሜን ምሥራቅ።
ከሥሩ አረንጓዴ። ከሱ ሥር ጋዜጣ፣
የስንዴ ዋጋና የሆኪ ውጤት። ከዚያ ጣውላው መጣ።
ጣውላው ላይ ጎድጓዳ፣
ጭብጥ ውሃ የማይሞላው፣ ጥንድ ጥንድ፣ እንደ ዳና፣
የጉልበት፣ የግንባር፣ በረድፍ በረድፍ፤ ብቻ
ፊቱ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ።
ዳሰስኩት።
«እመት፣ እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሰገዱት?»

«ወደ ካርታው» አሉ። «ከትምህርት ቤት የተዋስነው፣
ጠፍጣፋ፤ አባቴ በማስመሪያ ያሰመረው።
ሃያ ስድስት ዓመት።
በኋላ ዙልፊቃር፣ ተማሪ ነው፣ ሉል ይዞ መጣ፤
‹አጭሩ መንገድ በሰሜን፣ በበረዶው በኩል ነው› ሲል፣ ቁጣ!
ሁለት ጁምዓ ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ለሁለት ተከፈልን፣
ስንሰግድ ክርን ለክርን ተጋጨን።
በሦስተኛው አባቴ ከሱቁ ክር አመጣ፤
ከዊኒፔግ መካ፣ ሉሉ ላይ ወጠረው፣
ዝም ብሎ ቆየና፣ ‹ዕድሜዬን የሸጥኩት ክር ነው፤
ክር አይዋሽም› አለ። ምንጣፉን ራሱ አዞረው።
ሚህራቡ እንደቆመ ቀረ፤ ያው፣ መጻሕፍት የተደረደሩበት።
ማታ ግን ጨነቀው፦ ‹የእስከ ዛሬውስ ስግደት?›
እናቴ እንቁላሏን እየጠረገች፦
‹አድራሻው ተሳስቶ፣ ስማችን ተጣሞ፣
ያልደረሰን ደብዳቤ አለ ከዚህ ቀድሞ?
ፖስተኛው ያውቀን የለ?›»

የኮሚቴው ወረቀት ግልጽ ነው፦ «ወለሉ ይላግ፤
ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ።»
መላጊያዬን ሰካሁ። ነቀልኩ። ደግሜ ሰካሁ።
ለመሞከር ያህል፣ በካልሲዬ ብቻ፣
ከአንዱ ጥንድ ላይ ተንበረከክሁ፤ ልክ የኔ ጉልበት።
ያኔ ወለሉ ወለል አለልኝ።

አዲሱን ከላይ አነጠፍኩ፣ በክሩ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፤
የመላጊያውን ሒሳብ ከደረሰኙ ፋቅኩ፣ ሳልጠየቅ።

ትናንት ተደወለ፦ «እግራችንን ጎረበጠን፤
ከሥሩ የሆነ ነገር አለ፤ መጥተህ እይልን።»
እሺ ብያለሁ።
አልሄድኩም።