ወደ ግራ ብቻ

በነጥብ አራት ጊዜ፣ ሰኔ ሲያስገመግም፣
ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት መጣ አንድ ረጅም፤
ሚስተር ሆሊስ የሚሉት፣ ቀኝ እጁ የነደደ፣
ከጆሮው እስካገጩ ጠባሳ የወረደ።
ሥራው ትራክተር ነው። እኛ ባለ ቱታ፣
ቁልፍ አቀባዮቹ ከጧት እስከ ማታ።

በሃያ ነው የሚነዳ። ከሂርማታ ገበያ
ስንመለስ ጂፑን ቀደመችው አህያ።
«ፈሪ ነው ፈረንጁ» ሳቀ ከሊፋ አባ ጨብሳ፣
«ያያቴ ፈረስ ቢሆን እስካሁን ሰኮሩን ረሳ።»

አንድ ማታ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደልቅ፣
የብስኩት ቆርቆሮ አወጣ፣ ካልጋው ሥር የሚደበቅ።
ፎቶ ነው። ትንሽ መኪና፣ ጣሪያ የላት፣ መስኮት የላት፣
ሆዷ ላይ የተጻፈ፣ ሃያ ሰባት።
መሐል እሱ፣ ከጥርሱ በቀር አፈር የለበሰ፤
ጎኑ ሌላ ጎረምሳ፣ እንዲሁ አቧራ የቀመሰ።

በእጁም፣ በተሰባበረ አማርኛም ነገረን፦
መንገዳቸው እንቁላል ነው፤ የትም አያደርስም፣
ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ግራ።
ሰባት ዓመት ቀኝ የሚባል አላውቅም አለ።
አሥራ አንድ ዋንጫ። አንድ ሚስት፣ በሦስተኛው ዓመት የሄደች።
የጎረምሳውን ስም ሊጠራ ሲል
እጁን አየ፤
ፋኖሱን ዝቅ አደረገ።

መጋቢት ላይ፣ ለበቆሎ፣ ከአዌቱ ዳር ያለውን ሜዳ
እረስ ቢሉት ወጣ፣ ገና ሳይነጋ ነዳ።
ስንደርስ ሞተሩ ያገሳል፣ ጭሱ ሰማይ ነክቷል፤
ሰውዬው መሪው ላይ ተጋድሞ ግራ ግራውን ይዞራል።
ዳይሬክተሩ አቶ ሽብሩ ጃንጥላውን እየወዘወዘ፣
«ቀጥ አድርገህ እረስ እንጂ! ምነው፣ ሰው ደነዘዘ?»
አልሰማም። ናፍጣው እስኪያልቅ ዞረ።
ሲወርድ ፊቱ አፈር ነው፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ።
ያጨበጨበው ከሊፋ ነው። ሌሎቻችን አፈርን።

በቆሎው እንደታረሰው በቀለ፤
መሐሉ ባዶ፣ ዙሪያው ለምለም እንቁላል።
ጅሬን ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሁሉ
የምን ምልክት ነው ሲል ከረመ።
እሸቱ ሳይደርስ የሰውዬው ውል አለቀ፤
አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ጂፑን ከሊፋ ነዳለት።
በሃያ።

አሁን የልጅ ልጄ ሙኒር ባጃጅ አለው፤
አርብ አርብ መስጊድ ያደርሰኛል።
አደባባዩ ጋ ስንደርስ፣ «አንድ ጊዜ ጨምር» እለዋለሁ።
ይዞራል። «ድገም።» ይደግማል፤
ዓለም ሁሉ ወደ ቀኜ ይንሸራተታል፣
ሱቁም፣ ጫት ሻጯም፣ የባንኩ ዘበኛም።
«አባባ፣ መንገዱ ጠፋብህ እንዴ?»
«ቤንዚን አለህ?» እለዋለሁ።