ብራ፣ ና

በትብሊሲ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ወርዶ፣
ናተላ ሐምራዊ መብራት አበራች፤
ጓንቷን አጥልቃ ቆዳውን ዘረጋች።

ላዩ ጸሎት ነው፤ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣
ስለ ሙታን ዕረፍት ሰማይን ያባበለ።
ከሥሩ ግን ሌላ፣ ቡናማ፣ የቀጠነ፣
ተፍቆና ታጥቦ፣ መንምኖ የዳነ፤
የጥላ ርዝመት፣ የከዋክብት መንገድ፣
ጨረቃ በስንት ጣት ፀሐይን እንድትጋርድ፣
ክብ በክብ ላይ ታስሮ፣ መስመር መስመር ቆርጦ፣
አንድ የማናውቀው ሰው፣ ሌሊት ተቀምጦ
የጻፈው ስሌት ነው።

ጎደርዚ ፈጠነ፤ የሥነ ፈለክ ሰው ነው፤
«ጸሎቱን አጥፊልኝ፤ ስሌቱ ነው የኔው።
ኮምፒዩተሩ ይችላል፤ ላዩን ጥቁር ገፈሽ
ሰማዩን አሳዪኝ፣ መነኩሴውን አራግፈሽ።»
«ሰማይ አልከኝ፣ ልጄ?» አሉ ቄሱ ስቀው፣
«እኔም ያንኑ ነው ቆሜ የምጠብቀው።»
ላማራ አልሰማችም፤ ከታሪክ ክፍል ነች፤
የሰም ጠብታውን፣ የአይጥ ጥርሱን ቆጠረች፣
«ማን ፋቀው? መቼ? ለምን?» ብላ ጠየቀች።
ዘበኛው ባድሪ ነው፣ በሩን የተደገፈ፣
ሥራ እንደፈታ ሰው እንዲህ የለፈለፈ፦
«እሺ፣ የተፋቀ፣
አለ ይባላል? ወይስ ነበረና አለቀ?»

ማንም አልመለሰም።

ናተላ መብራቱን ወደ ኅዳጉ ገፋች፤
ደቃቅ ፊደል መጣች፣ ጠፋች፣ ደግሞ ሰፋች፤
እያዘገመች አነበበች፦

«እኔ ሽዮ፣ ኃጢአተኛው፣ የበረዶ እስረኛ፣
ከአርባ ሰባት ነፍስ ሦስት የተረፍን እኛ።
ቸነፈሩ ወርዶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣
የግንዘት መጽሐፉ በእሳት ተበልቶ፣
ብራና ብፈልግ ጥጃው ሁሉ ሞቶ፣
ይህን የከዋክብት መጽሐፍ ፋቅሁት፤
በወተት አራስሁት፣ በድንጋይ አሸሁት።
ክቡን የሠራህ ሆይ፣ ስምህን የማላውቅ፣
ሰማይህን ቀድጄ ሙታኔን ባለብስ
ይቅር በለኝ፤ አትራቅ።
ሁሉን ፍቄ ነበር፤ አንዲቱ ግን ቀረች፤
ኮምፓስህ የወጋት ነጥብ እምቢ አለች።
ምሕረት የሚል ቃሌን በእሷ ላይ ጻፍሁኝ፤
ብርሃን ስትሰድ በቀዳዳዋ አየሁኝ።
ጣቴ በረደብኝ።»

ጎደርዚ ጎንበስ ብሎ ነጥቢቱን ለካ፤
«በሥዕሉ ላይ፣» አለ፣ «ይህቺ ምድር ናት ለካ።»
ከዚያ ወዲያ ስለ ማጥፋት አላነሳም።
ላማራ ደብተሯ ላይ «አርባ አራት» ብላ ጻፈች፤
ከሥሩ ቦታ ተወች፣ ለስም፤
አንድም አላገኘች።
ቄሱ ስለ ሙታን መድገም ጀመሩና
መሐል ላይ ቃል ጠፋቸው፤
ባድሪ ነው፣ ዘበኛው፣ የጨረሰላቸው።

እኔ እንግዳ ነበርኩ፤ ወሬውን በአስተርጓሚ
ስሰማ ቆይቼ፣ በአፌ የመጣልኝ የገዛ ቃሌ ነው፦
በኛ ቋንቋ ይህ ቆዳ ብራና ይባላል፤
ሰንጥቆ ላነበበው «ብራ፣ ና!» ይላል፤
ክረምት ያስመረረው እንዲህ ይጣራል።
ክብ የሠራውም ሰው፣ ሽዮም በበረዶ፣
አንዱ መስመር ለክቶ፣ አንዱ ጉልበት ማግዶ፣
ጠሩት።
መጣ ወይ? እኔንጃ።

ለናተላ ነገርኳት። ሳቀችና ጣቷን
ወደ ቅጠሉ ጥግ፣ ወደ ነጭ ጠባሳ ሰደደች፤
«ይህን ያየው የለም፤ ከሁሉ የቀደመ ጽሕፈት ነው፤
ጥጃው በሕይወት ሳለ ዝንብ የነከሰችው።»

መብራቱን አጠፋች፤ መጋረጃው ተነሳ።
ቡናማው ሰመጠ፤ ክቡም፣ ስሌቱም፣ ኑዛዜውም፤
ጥቁሩ ጸሎት ብቻ እንደ ጥንቱ ቀረ።
ቅጠሉን ስታነሳው ግን፣ ከምሕረት መሐል፣
የአራት ሰዓት ፀሐይ በነጥቧ ሾልካ
በጓንቷ መዳፍ ላይ፣
ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ፣
ቆመች።